የጥላቻ ምልክት ምንድን ነው?

ደሴ ላይ ቲሸርትና የኮንሰርት ፖስተር ሳትም ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ሰልባጅ ቲሸርት የለበሰ ልጅ ፎቶ ላይ በቀይ አክብቦ «የናዚ ፊደል!» ብሎ ጻፈበት። ፊደሉ ወፍራም፣ ጫፉ የሾለ፣ ጀርመኖች ለዘመናት መጽሐፍ ያተሙበት ነው። ከሥሩ ተራ የሮክ ባንድ ስም አለ።

ሥዕል ብቻውን የጥላቻ ምልክት አይሆንም፤ ማን፣ ለማን፣ ከምን ጋር አድርጎ እንዳወጣው ይታያል። የናዚን አስተሳሰብ ዛሬም የሚከተሉት ኒዮ ናዚ ቡድኖች ልክ እንደ ሰልባጅ ለባሽ ናቸው፤ በልካቸው የተሰፋ የላቸውም። የተላጨ ራስና ከባድ ቡት በ1960ዎቹ መጨረሻ በጃማይካ ሙዚቃ ይጨፍሩ የነበሩ የእንግሊዝ ላብ አደር ወጣቶች መለያ ነበር፤ ዘረኞቹ በኋላ መጥተው ለበሱት። ስቫስቲካም፣ ያ ጫፉ የታጠፈው የናዚ መስቀል፣ የተዋሱት ነው። ያ አስተያየት ሰጪ ላሊበላ ሄዶ ስቫስቲካ የተቀረጸበትን የቤተ ማርያምን መስኮት ቢያይ ሊያሽገው ይሆን? የሾለው ፊደል ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1941 መጀመሪያ የናዚ ፓርቲ ባለሥልጣን የነበረው ማርቲን ቦርማን በሂትለር ስም ባሰራጨው ደብዳቤ «የአይሁድ ፊደል» ተብሎ ታግዷል! ዛሬ በአልበም ሽፋናቸው ላይ የሚያትሙት ኒዮ ናዚዎች አለቃቸው አውልቆ የጣለውን ለብሰው ነው የሚንጎራደዱት።

ምልክት የሚባል ነገር የለም አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተው የኒዮ ናዚ ሙዚቀኞች መረብ «ደምና ክብር» የሚለውን ስሙን የወሰደው «የሂትለር ወጣቶች» ከተባለው የናዚ የወጣቶች ድርጅት መፈክር ነው። በራሪ ወረቀት ቢሰጡት ቀዶ የሚጥል ልጅ ዘፈን ይገዛል፤ ሽፋኑን ይለምዳል፤ ቲሸርቱን ሲለብስ ደግሞ የማያውቃቸው ሰዎች በዓይን ይጠቅሱታል። ጀርመን የናዚ ምልክቶችን በሕግ ስለከለከለች በምልክቱ ፈንታ ቁጥር መጣ፤ 88 ማለት ስምንተኛው የላቲን ፊደል (H) ሁለት ጊዜ፣ «ሃይል ሂትለር» የሚለው የናዚዎች ሰላምታ ማለት ነው። ነገር ግን 88 የኳስ ተጫዋች ማልያ ላይም አለ። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የባንዱን ግጥም፣ አሳታሚውን፣ አብረው መድረክ የሚወጡትን ማየት ነው።

ጥቁርና ቀይ በነጭ ላይ ባዩ ቁጥር የናዚ ባንዲራ ቀለም ነው ብለው ለሚደነግጡም አንድ ነገር ልበል። በእኛ ሥራ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ የማተሚያ ፍሬም አለው፤ ቀለም በጨመረ ቁጥር ዋጋ ይጨምራል። ነጩ ጨርቁ ስለሆነ አይከፈልበትም። እኔ ጋ የሚመጣው ደንበኛ ሦስተኛ ቀለም ስጨምርበት ዋጋውን ይሰማና «ተወው፣ በሁለቱ ይሁን» ይለኛል።