«ባክቴሪያው በዛ አነሰ፣ ምን ለውጥ አለው?»

የካልቸር (ከናሙና ባክቴሪያ አብቅሎ የሚደረግ ምርመራ) ውጤት ተቀብላችሁ ከሆነ ከመድኃኒቶቹ ስም ጎን ኤስ ወይም አር የሚል ፊደል አይታችኋል። ኤስ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፤ አር ከሆነ ባክቴሪያው ተላምዶታል። ስንት ባክቴሪያ ላይ ተሞክሮ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

«ባክቴሪያው ከተገኘ ብዛቱ ለውጥ አያመጣም»

በደንብ ያመጣል። በዲስክ ምርመራ፣ ማለትም መድኃኒት ባላቸው ትንንሽ ክብ ወረቀቶች በሚደረገው፣ ባክቴሪያው ቱቦ ውስጥ በጨው ውሃ ይበጠበጥና 0.5 ማክፋርላንድ ከሚባል የድፍርስነት መለኪያ ቱቦ ጋር ይተያያል። ጥቁር መስመሮች ያሉት ነጭ ካርድ ከሁለቱ ቱቦዎች ኋላ ይያዛል። መስመሮቹ በሁለቱም በኩል እኩል መደብዘዝ አለባቸው። ያኔ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ አለ ማለት ነው። ከዚያ ሳህን ላይ ባለው የባክቴሪያ ማብቀያ ምግብ ላይ በጥጥ ይቀባል፣ ዲስኮቹ ይደረደራሉ። በማግስቱ በየዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ በማስመሪያ ይለካል።

ባክቴሪያው ካነሰ ክቡ ይሰፋል፤ የማይሠራው መድኃኒት የሚሠራ ይመስላል። ከበዛ ክቡ ይጠብና የሚያድነው መድኃኒት ይጣላል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው ነው። በሽተኛው የማይረዳውን መድኃኒት ይዞ ቤቱ ይገባል።

«ልምድ ያለው ሰው በዓይኑ ቢገምት ይበቃል»

አይበቃም። መለኪያው ራሱ ከስር ስለሚዘቅጥ በደንብ መነቅነቅ አለበት። የተበጠበጠውም በ15 ደቂቃ ውስጥ መቀባት አለበት፤ ባክቴሪያ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

«ኤስ ከተባለ ሰውነት ውስጥም ያለጥርጥር ይሠራል»

ሁልጊዜ አይደለም። በፈሳሽ ምግብ ውስጥ የሚደረገው ሌላው የመድኃኒት ምርመራ በሚሊ ሊትር 500 ሺህ ገደማ ባክቴሪያ ይዞ ይነሳል። መግል ውስጥ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ሊኖር ይችላል። ስታፍ የሚባለው መግል የሚያስይዝ ባክቴሪያ አንዳንድ ዝርያዎች እንደ ሴፋዞሊን ያለውን መድኃኒት የሚሰባብር ኢንዛይም ያመነጫሉ። ጥቂት ሲሆኑ መድኃኒቱ ያሸንፋል፤ ሲበዙ ኢንዛይሙም ይበዛል። ሐኪም «መግሉ መውጣት አለበት» ሲል አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ እባካችሁ አትሽሹት።

«መላመድ የሚመጣው መድኃኒት ሲቋረጥ ብቻ ነው»

ማቋረጥ ጉዳዩን ያባብሳል። ነገር ግን በቲቢ ከሚሊዮን ባክቴሪያ አንዱ ገደማ አይሶኒያዚድ የተባለውን የቲቢ መድኃኒት፣ ከ100 ሚሊዮን አንዱ ገደማ ሪፋምፒሲን የተባለውን ሌላውን በተፈጥሮ ለውጥ ይቋቋማል። ሳንባ ውስጥ የተቦረቦረ ቁስል ደግሞ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ኪኒን ሳይዋጥ የሚቋቋሙት እዚያው አሉ። መድኃኒቶቹ በአንድ ላይ የሚሰጡትም አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲይዘው ነው።