ለኦፍሮድ መኪና አክስልና የኃይል ማስተላለፊያ አመራረጥ

ከመንገድ ውጭ እንዲሄድ ተብሎ ከተለያየ መኪና ዕቃ የሚገጣጠም መኪና ሲታሰብ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሞተሩ ነው። የአክስል ምርጫ ግን የሚነሳው ከሌላው ጫፍ፣ ከጎማው ነው። የጎማው ቁመት፣ የመኪናው ክብደትና የሚሄድበት መሬት ከታወቁ አክስሉ ምን ያህል መጠንከር እንዳለበት ይታወቃል። አክስሉ ሲወሰን የኮሮናና ፒኞኑ (በአክስሉ መሃል ያሉት ትልቁና ትንሹ ባለ ጥርስ ማርሽ) ሬሾ፣ ቀጥሎ ትራንስፈር ኬዙ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያካፍለው)፣ ከዚያ ካምቢዮው ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ብዙ ጊዜ አክስል ሁለቴ ይገዛል።

ምክንያቱ በስሌት ይታያል። ሴሚያስ (ከአክስሉ መሃል ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) ላይ የሚያርፈው የመጠምዘዝ ኃይል (ቶርክ) ከሁለት ነገሮች በሚያንሰው ይወሰናል፦ ሞተሩ በማርሽ ተባዝቶ ማድረስ በሚችለው፣ ወይም ጎማው ሳይንሸራተት መሸከም በሚችለው። 300 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር በ4.0 አንደኛ ማርሽ፣ በ2.72 የትራንስፈር ኬዝ ከባድ ማርሽና በ4.88 ዲፈረንሻል (ኮሮናውን የያዘው፣ የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ክፍል) ሲባዛ 53 እጥፍ፣ ማለትም 15,900 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎማው ግን ይህን ሁሉ አይቀበልም። 750 ኪሎ ያረፈበት ባለ 37 ኢንች ጎማ፣ መሬቱ በደንብ ቢይዘው እንኳ፣ 3,450 ኒውተን ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይንሸራተታል። ስለዚህ ለሴሚያስ ልክ የሚሆነው ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ስሌቱ የሚፈርሰው ጎማው በሁለት ድንጋይ መሃል ሲቀረቀር ነው። ያኔ መንሸራተት የለም፤ ዲፈረንሻሉ ከተቆለፈ የሞተሩ ኃይል በሙሉ በአንድ ሴሚያስ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አየር ላይ ሲሽከረከር የቆየ ጎማ ድንገት መሬት ሲነካም እንዲሁ ነው። ሴሚያስ በብዛት የሚሰበረው በእነዚህ ሁለት አጋጣሚዎች ነው፤ ሁለቱም ላይ የነጂው እግር ጥንቃቄ ከሞተሩ ጉልበት የበለጠ ይወስናል።

የአክስል መጠን

አክስሎች በተለምዶ የሚነጻጸሩት በኮሮናው ስፋትና በሴሚያሱ ውፍረት ነው። ዳና 30 (ዳና የአክስል ሠሪ ኩባንያ ነው፣ ቁጥሩ የሞዴሉ) የኮሮናው ስፋት 7.2 ኢንች ገደማ ሲሆን፣ ዳና 44 8.5፣ ዳና 60 9.75፣ የጄኔራል ሞተርስ ባለ 14 ቡሎን 10.5 ኢንች ነው። የቶዮታ ሂሉክስ የድሮው ድፍን አክስል 8 ኢንች ኮሮና አለው። በሠሪዎች ዘንድ የሚሠራበት ልክ ዳና 30 እስከ 33 ኢንች ጎማ፣ ዳና 44 እስከ 35፣ ዳና 60 እስከ 40 ኢንች የሚል ነው፤ ከባድ መኪና ሲሆን ወደ ታች፣ ቀላል ሲሆን ወደ ላይ ይገፋል።

በሴሚያስ ላይ ትንሽ ውፍረት ብዙ ያተርፋል። የአንድ ዘንግ የመጠምዘዝ አቅም ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል። የዳና 44 ባለ 30 ስፕላይን (በዘንጉ ጫፍ ላይ የተቆረጡ ጥርሶች) ሴሚያስ 1.31 ኢንች፣ ባለ 35 ስፕላይኑ ደግሞ 1.5 ኢንች ነው፤ ልዩነቱ 15 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ አቅሙ ግን በግማሽ ይጨምራል። ከፋብሪካው ብረት ወደ ክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዴነም ያለበት ብረት) መለወጥም ይረዳል። ክሮሞሊ ግን ሙቀት የተሰጠው በትክክል ካልሆነ ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው።

ትልቅ አክስል ዋጋው በብር ብቻ አይደለም። ባለ 14 ቡሎኑ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ሆዱም ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ትልቁ ጎማ ያመጣውን ከፍታ አክስሉ መልሶ ይበላዋል። ለዚህ ነው ብዙዎች የሆዱን የታችኛውን ከንፈር በመቁረጫ የሚላጩት።

የኋላ አክስል ሲመረጥ ሴሚያሱ ክብደት ይሸከም አይሸከም የሚለው ቀድሞ ይጠየቃል። በከፊል ተንሳፋፊው ዓይነት ሴሚያሱ ጎማውንም ይሸከማል፣ ያሽከረክራልም፤ ውስጥ በሲ ቅርጽ ክሊፕ የተያዘ ከሆነ ሲሰበር ጎማው ከነሴሚያሱ ይወጣል። በሙሉ ተንሳፋፊው ግን ክብደቱ የሚያርፈው በሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) እና በኩሽኔታዎቹ ላይ ስለሆነ የተሰበረ ሴሚያስ የጫፉ ቡሎኖች ተፈትተው ይወጣል፣ መኪናው በራሱ ጎማ ይመለሳል። ራቅ ብሎ ለሚሄድ መኪና ሁለተኛው ይሻላል።

የፊቱ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ የዲፈረንሻሉ ሆድ በየትኛው ጎን ነው? የትራንስፈር ኬዙ የፊት መውጫ በዚያው ጎን መሆን አለበት፤ ካልሆነ ዘንጉ በሞተሩ ስር በሰያፍ ማለፍ አለበት፣ አይሆንምም። አክስል ገዝተው ከመጡ በኋላ የሚገኝ ስህተት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ፒኞኑ ከኮሮናው መሃል በላይ ነው ወይስ በታች? ከፍ ያለው ፒኞን የፊት አክስል ላይ ጥርሱ በጠንካራው ፊቱ ይገፋል፣ የዘንጉንም ማዕዘን ያቃናል። ያንኑ አክስል ከኋላ ቢያስገቡት በደካማው ፊት ይሠራል።

ሬሾ

ጎማ ሲያድግ ሬሾውም በዚያው ልክ ያድጋል፦ የአዲሱ ጎማ ቁመት ለአሮጌው ተካፍሎ በነበረው ሬሾ ይባዛል። ከ31 ወደ 37 ኢንች የሄደ፣ 4.10 የነበረው መኪና 4.89 ይደርሰዋል፤ በገበያ የሚገኘው 4.88 ነው። ፊትና ኋላ አንድ መሆን አለባቸው። 4.10 ከ4.11 ጋር ችግር የለውም፤ 4.56 ከ4.88 ጋር ግን ደረቅ መሬት ላይ ፊትና ኋላ ሲጎታተቱ ዘንጉን ወይም የትራንስፈር ኬዙን ሰንሰለት ይበላሉ።

ሬሾው በበዛ ቁጥር የፒኞኑ ጥርስ ያንሳል፣ ጭንቅላቱም ይቀጥናል። 4.10 ባለ 41 ጥርስ ኮሮና ከባለ 10 ጥርስ ፒኞን ጋር ነው፤ 5.38 ግን 43 ለ8 ነው። ዝግ ያለ ጉዞ የሚፈልግ ሰው ዲፈረንሻሉን 5.38 ከማድረግ ትራንስፈር ኬዙን ከ2.72 ወደ 4.0 መለወጥ ይሻለዋል፤ ፒኞኑ ወፍራም ሆኖ ይቆያል፣ በአስፋልት ላይም ሞተሩ አይጮህም። ሬሾ ሲለወጥ ደግሞ ኮሮናው የሚታሰርበት ኬዝ ሊለወጥ ይችላል፦ ዳና 44 እስከ 3.73 አንድ ኬዝ፣ ከ3.92 ጀምሮ ሌላ ይጠቀማል፤ ዳና 60 ደግሞ እስከ 4.10 እና ከ4.56 ጀምሮ ይለያያል። ሎከር (ዲፈረንሻሉን የሚቆልፍ ዕቃ) ከመግዛት በፊት ሬሾውን መወሰን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስለ ሎከር ባጭሩ፦ ከፊት በአየር ወይም በኤሌክትሪክ የሚበራና የሚጠፋ፣ ከኋላ እንደ ኪስ አቅም። ከፊት ሁሌም የተቆለፈ ዲፈረንሻል መሪውን ያከብደዋል፣ መኪናው እንዲዞርም ያስቸግራል።

የቱ ይሰበር?

ማንኛውም ማስተላለፊያ አንድ ደካማ ቦታ አለው፤ ጥያቄው የት ይሁን የሚለው ነው። ሴሚያስ ሲጠነክር ስብራቱ ወደ ክሮቼራው (ዘንጎችን የሚያገናኘው ባለ መስቀል መገጣጠሚያ)፣ ክሮቼራው ሲጠነክር ወደ ኮሮናው ይሄዳል። ኮሮና ደግሞ ሜዳ ላይ አይለወጥም። ስለዚህ ደካማው ሆን ተብሎ ውጭ፣ ለመፍታት በሚመች ቦታ ይተዋል፦ የፊት ሞዞ መቆለፊያ ወይም የዘንግ ክሮቼራ። 1310 እና 1350 በሚባሉት የክሮቼራ መጠኖች መካከል ያለው ዋናው ልዩነት የኩባያው ስፋት (1.062 እና 1.188 ኢንች) ነው፤ ከዳና 60 ጋር 1310 የያዘ ሰው ፊውዙን በዘንጉ ላይ አስቀምጧል ማለት ነው፣ መለዋወጫውንም አብሮ ይዞ መሄድ አለበት።

ሴሚያስ ከመሰበሩ በፊት ይናገራል። ሲገጠም በርዝመቱ አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ይሰመርበታል። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ተስቦ ሲታይ መስመሩ እንደ ገመድ ከተጠማዘዘ ብረቱ ወደ ኋላ መመለስ ትቷል፤ ሴሚያሱ ራሱ ቀጥ ቢመስልም ይጣላል። የተጣመመ ስፕላይን በዲፈረንሻሉ ውስጥ ካለው የጎን ጊር ለመውጣት እንቢ ሲልም ምልክቱ ያው ነው።

ገጠማ

ኮሮናና ፒኞን ሲገጠም ሦስት ነገሮች ይለካሉ፦ የፒኞኑ ጥልቀት፣ የኩሽኔታው መጭመቂያ (ፒኞኑን ለማዞር በሚያስፈልገው ኃይል የሚለካው) እና በጥርሶቹ መካከል ያለው ላላታ። ላላታው በዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለአዲስ ኩሽኔታ ፒኞኑን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ1.7 እስከ 3.4 ኒውተን ሜትር ነው፤ ያገለገለ ኩሽኔታ ግማሹን ይወስዳል። ጥርሱ ላይ ቀለም ተቀብቶ ሲዞር አሻራው ወደ ጥርሱ ሥር ካደላ ፒኞኑ በጣም ገብቷል፣ ሺሙ (ጥልቀቱን የሚወስነው ስስ ቀለበት) ይቀጥናል፤ ወደ ጫፉ ካደላ ሺሙ ይወፍራል። ፎርድ 9 ኢንች ላይ ፒኞኑ በተለየ ቤት ስለሚታሰር ሥራው ተገላቢጦሽ ነው፤ ይህን የረሳ ሰው ጥርሱን በአንድ ቀን ያበላሻል። ላላታው አንሶ የተገጠመ በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ይሞቃል፣ በዝቶ የተገጠመ ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ያንኳኳል።

የአክስል ቱቦዎች መሃሉ ካለው የብረት ቀልጥ (ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰው ሆድ) ጋር ሲበየዱ ቀልጡ ቀድሞ መሞቅ፣ በኋላም ቀስ ብሎ መብረድ አለበት፤ አለዚያ ብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ቅንፍና ድጋፍ የሚበየደውም በአጭር በአጭር፣ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ነው። በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ቱቦ ይጎብጣል፣ ከዚያ በኋላ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ማሸጊያ) ዘይት መያዝ አይችልም፣ ምክንያቱም ሴሚያሱ መሃሉን ስቷል።

የፒኞኑ ማዕዘን የሚስተካከለው መኪናው ክብደቱን ይዞ ሲቆም ነው። በሁለቱ ጫፍ አንድ አንድ ክሮቼራ ላለው ዘንግ የትራንስፈር ኬዙ መውጫና ፒኞኑ ትይዩ ይሁኑ። ከትራንስፈር ኬዙ በኩል ድርብ ክሮቼራ ካለው ፒኞኑ ወደ ዘንጉ ይታያል፤ በባሌስትራ ላይ ከሆነ አንድ ሁለት ዲግሪ ዝቅ ይላል፣ ኃይል ሲያርፍበት ራሱ ይነሳልና። የፊት አክስልን ለፒኞኑ ሲሉ ያዞሩት ሰዎች የመሪውን ዘንበል (ካስተር) አጥተው መኪናቸው በመንገድ ላይ ይቅበዘበዛል፤ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ለማቆየት የቱቦው ጫፍ ላይ ያሉት የመሪ ቀለበቶች ተቆርጠው ለብቻ መዞር አለባቸው።

የአክስሉ መተንፈሻ ቱቦ ወደ ሻንሲው ከፍ ብሎ ይታሰራል። የጋለ አክስል ወንዝ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ውሃውንም በፓራኦሊዮው በኩል ይስባል፤ ዘይቱ ወተት መስሎ የሚገኘው ያኔ ነው። አዲስ የተገጠመ ኮሮና የመጀመሪያውን 25 ኪሎ ሜትር ያለ ጭነት ሄዶ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ከ800 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱ ይቀየር፣ መውጫ ቡሎኑ ላይ ማግኔት ካለ የተያዘው ብናኝ ይታይ። ደቃቅ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፤ በጣት ሲዳሰስ የሚወጋ ቁራጭ ካለ ሽፋኑ ይከፈታል።