«ሌላ ምን ልተው?» ስለ ሆድና ምግብ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። የምትበላውን በሰማያዊ፣ የተወችውን በቀይ እስክሪብቶ ጽፋለች። ቀዩ አራት ገጽ ሞልቷል። ሰማያዊው አምስት መስመር ነው፤ ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ የተቀቀለ ዶሮ፣ እንቁላል። «ይሄን ሁሉ ትቼም ሆዴ አልተወኝም» አለችኝ። «ሌላ ምን ልተው?»

ይቺ ጥያቄ ታንገበግበኛለች። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ ሳልሰማት የማልፈው ሳምንት የለም። ጥፋቱ የጠያቂዎቹ አይደለም። ሆዱን የታመመ ሰው ከዘመድም፣ ከጓደኛም፣ ከስልኩም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «የማይስማማህን ሁሉ ተው።» ምክሩ ለመነሻ ያህል አይከፋም። እዚያው ላይ ሲቆም ግን ሰው ያስርባል።

የማወራው በተለይ አይ ቢ ኤስ ስለሚባለው የአንጀት ሕመም ነው። ሆድ ይቆርጣል፣ ይነፋል። አንዴ ይደርቃል፣ አንዴ ተቅማጥ ይሆናል። አንጀቱ በካሜራ ሲታይ ቁስል የለውም። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። የአንጀት ነርቮች ከልክ በላይ ንቁ ስለሚሆኑ፣ ሌላው ሰው ልብ የማይለው ጋዝ ለእነዚህ ሰዎች ቁርጠት ነው። ሐኪሞች አይ ቢ ኤስን የሚለዩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሮም መስፈርት እንደሚለው፣ ሕመሙ ባለፉት 3 ወራት በአማካይ ቢያንስ በሳምንት 1 ቀን የሚሰማ መሆን አለበት። ከሰገራ መውጣት ወይም ከሰገራው መለዋወጥ ጋርም መያያዝ አለበት።

ከቀላሎቹ ልጀምር።

«ጨጓራ ነው።» ሆድ በታመመ ቁጥር ጨጓራ ይወቀሳል። መጸዳጃ ቤት ደርሰው ሲመለሱ የሚቀልል ወይም የሚብስ፣ ከእምብርት በታች የሚቆርጥ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የአንጀት ነው። የጨጓራ መድኃኒት አይመልሰውም።

«ሲቆይ ካንሰር ይሆናል።» አይ ቢ ኤስ ወደ ካንሰር አይለወጥም። ነገር ግን ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳታስቡት ኪሎ ከቀነሳችሁ፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ፣ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ካለ፣ ወይም ችግሩ ከ50 ዓመት በኋላ ከጀመረ፣ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ካለም እንደዚያው። እነዚህ ምልክቶች እያሉ ምግብ እየቀያየሩ መቆየት ጊዜ ማባከን ነው።

«ፋይበር አብዛ ተብያለሁ።» የትኛውን? ፉርሽካ ብዙዎቹን የባሰ ይነፋቸዋል። የሚረዳው በውሃ የሚሟሟው ነው፤ አጃ ውስጥ ያለው ወይም ሲሊየም የሚባለው የዘር ገለባ። እሱም በትንሹ ተጀምሮ፣ ከበቂ ውሃ ጋር።

«የበላሁት ወዲያው ወጣ።» ይሄን የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም የመጨረሻውን ጉርሻ ይወነጅላል። ምግብ ከአፍ ተነስቶ እስኪወጣ በተለምዶ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጅበታል። በልታችሁ ሳትጨርሱ መጸዳጃ ቤት የሚያስሮጣችሁ ሌላ ነገር ነው። ጨጓራ ሲሞላ ለትልቁ አንጀት «ቦታ ልቀቅ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ አንጀቱም ቀድሞ ያጠራቀመውን ይገፋል። ማንኛውም ሰው ላይ ይሆናል፤ አይ ቢ ኤስ ያለበት ላይ ይበረታል። የሚያባብሰው ደግሞ የምግቡ ብዛት፣ ቅባቱ፣ አንዳንዴም ቡናው ነው። ስለዚህ ምሳ ላይ ሮጣችሁ ከሆነ ምሳውን ከመክሰሳችሁ በፊት መጠኑን ቀንሱና እዩት። ብዙ ንጹህ ምግብ ቀይ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው በዚህ ስህተት ነው።

«ወተት አለርጂ አለብኝ።» አለርጂ የሰውነት መከላከያ ሥራ ነው። ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። ትንሽ ጠብታም ሊያስነሳው ይችላል፤ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። አለመስማማት ግን የመጠን ጉዳይ ነው። ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ፤ የሚፈጨው በትንሹ አንጀት ውስጥ ባለ ኢንዛይም ነው። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይህ ኢንዛይም አንሷቸዋል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ ጋዝ ይሆናል። ቢሆንም አብዛኞቹ 12 ግራም ያህል ላክቶስ ይችላሉ። ይህም አንድ ብርጭቆ ወተት ነው፤ በተለይ ከምግብ ጋር ሲሆን። ቅቤና የቆየ ጠንካራ ቺዝ ላክቶስ የላቸውም በሚባል ደረጃ ነው። እርጎ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ስኳሩን በመፍጨት ያግዛሉ። ታዲያ አንድ ሰው ቡና ውስጥ ጠብ የምትል ወተት ፈርቶ፣ ካልሲየም ከየትም ሳያገኝ ዓመታት ለምን ያሳልፋል?

«የደም ምርመራ አድርጌ የማይስማማኝ ተለይቷል።» እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አንድ ጎልማሳ ሰው ሦስት ገጽ ውጤት ይዞ መጣ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ቀዩ ውስጥ ከነበሩት አብዛኞቹ በየቀኑ የሚበላቸው ናቸው። እንዴት አይሆኑም? ምርመራው የሚለካው አይ ጂ ጂ የሚባለውን አንቲቦዲ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የሚሠራውን ፕሮቲን ነው። ሰውነት ይህን የሚሠራው ለለመደው ምግብ ነው። «ይሄን ምግብ በልተሃል» ከማለት የዘለለ አይነግርም። የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህ ምርመራ አለመስማማትን ለመለየት እንደማያገለግል በግልጽ አውጥቷል። ሰውየው ግን ገንዘቡን ከፍሎ፣ ምንም ያላደረጉትን እንቁላልና ሩዝ ትቶ ነበር። መጀመሪያ የመለስንለት እነሱን ነው። ምንም አልሆነም።

ስንዴ ውስጥ ወዳለው ፕሮቲን፣ ወደ ግሉተን ልምጣ። «ዳቦ ስተው ሆዴ ተሻለኝ፣ ስለዚህ ግሉተን ነው።» መሻሉን አምናለሁ፤ «ስለዚህ» የሚለው ላይ ነው የምለያየው። ስንዴ ውስጥ ግሉተን ብቻ አይደለም ያለው፤ ፍሩክታን የሚባል ትንሹ አንጀታችን ሊፈጨው የማይችል የስኳር ሰንሰለትም አለ። የሰው አንጀት ለእሱ የሚሆን ኢንዛይም የለውም። ከአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አይ ቢ ኤስ ኖሮባቸው «ግሉተን ያመናል» የሚሉ 37 ሰዎችን ወስዶ፣ መጀመሪያ እንዲህ ያሉትን ስኳሮች ቀነሰላቸው። ሁሉም ተሻላቸው። ከዚያ ማን ምን እንደሚበላ ሳያውቅ ግሉተን ሲጨመር፣ ግሉተኑ ለይቶ የጎዳቸው ነገር አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኖርዌይ ውስጥ በ59 ሰዎች ላይ ሲሞከርም ከግሉተን ይልቅ የባሰባቸው ፍሩክታኑ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ፍሩክታን ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥም በብዛት አለ። ዳቦ ትቶ ወጡን በሽንኩርት የሚበላ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ነው ያለው። በሌላ በኩል ችግሩ ፍሩክታን ብቻ ከሆነ፣ በየምግቡ ላይ ግሉተን ፍለጋ መጨነቅ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዳቦ ከመተዋችሁ በፊት የሴሊያክ ምርመራ አድርጉ። ሴሊያክ ግሉተን በእውነት አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ ነው፤ የዕድሜ ልክ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደም ምርመራው የሚሠራው ግሉተን እየበላችሁ ከሆነ ብቻ ነው። አንድ ወጣት ዳቦ ካቆመ ከስምንት ወር በኋላ ተመርምሮ «ነፃ ነህ» ተባለ። ውጤቱ ምንም አይነግርም ነበር። እንደገና ለሳምንታት ዳቦ በልቶ መመርመር ነበረበት። ሳምንታቱን በቁርጠት ነው ያሳለፋቸው፤ መጀመሪያ ቢጠይቅ ኖሮ ባልደረሰበት።

አሁን ወደ ደብተሯ። «ብዙ በተውኩ ቁጥር ይሻለኛል» የሚለው እምነት ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ነው፤ የሚጎዳው ጠንቃቃውንና ታዛዡን ሰው ስለሆነ። የሴትዮዋ ቀይ ዝርዝር በአንድ ቀን አልተሞላም። አንድ ቀን ምስር በልታ ታመመች፣ ምስር ቀይ ሆነ። ሌላ ቀን ቲማቲም በላች፣ ታመመች፤ ቲማቲም ቀይ ሆነ። የቲማቲሙ ስልስ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ነበር። ዓሣው ነጭ ሽንኩርት ነበረው። ዱባውም እንደዚያው። ከአራቱ ገጽ ውስጥ ስንቱ ምግብ በነጭ ሽንኩርት ኃጢአት እንደተቀጣ ቁጭ ብለን ስንቆጥር እኩለ ቀን ሆነ።

መጀመሪያ ኪሎ ስለቀነሰች ሐኪም ጋር ላክኋት። ተመርምራ ሌላ በሽታ አልተገኘም፤ የከሳችው ባለመብላቷ ነው። ከዚያ ዝቅተኛ ፎድማፕ የሚባለውን አመጋገብ ከሥሩ ጀመርን። ፎድማፕ በትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጠጡና በትልቁ አንጀት የሚብላሉ ስኳሮች የጋራ ስም ነው። ፍሩክታን፣ ላክቶስ፣ የባቄላና የምስር ስኳሮች፣ በማርና በፖም ውስጥ ትርፍ ሆኖ የሚገኘው ፍሩክቶስ፣ ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ ያለው ሶርቢቶል፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። አመጋገቡን ያዳበሩት የሞናሽ ተመራማሪዎች ናቸው፤ አይ ቢ ኤስ ካለባቸው ከግማሽ የሚበልጡትን ይረዳል።

ሰው የሚሰማው ግን የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ነው። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው። መቀነስ፣ ከ2 እስከ 6 ሳምንት። ከዚያ አንድ በአንድ መመለስ። ከዚያ የራስን ልክ አውቆ መኖር። የመጀመሪያው ለኑሮ ተብሎ አልተሠራም። ፍሩክታንና የባቄላ ስኳሮች ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ምግብ ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ ሲቋረጡ እነሱም ይመናመናሉ። በ6 ሳምንት ምንም ለውጥ ካልታየ ደግሞ ፎድማፕ ለእናንተ መልስ አይደለም። ተውትና ወደ ቀድሞው ምግባችሁ ተመለሱ። አጥብቃችሁ አትቀጥሉ።

የሚመለሰው እንዲህ ነው። ሌላው ሁሉ እንደተቀነሰ ይቆያል። አንድ የስኳር ዓይነት ይመረጣል፤ ለላክቶስ ወተት፣ ለፍሩክቶስ ማር። የመጀመሪያ ቀን ትንሽ፣ በሁለተኛው መካከለኛ፣ በሦስተኛው እንደ ወትሮው መጠን። ከበረታባችሁ አቁሙ። ከዚያ 2 ወይም 3 ቀን አርፋችሁ ወደ ቀጣዩ። የምትጽፉት «ያመኛል» ወይም «አያመኝም» ብቻ አይሁን። ስንት ማንኪያ፣ ስንት ቁራጭ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ ነበር ወይ፣ የወር አበባ ነበር ወይ፣ የሥራ ጭንቀት ነበር ወይ። እነዚህ ሁሉ ሆድን ይነካሉ፤ ሳይጻፉ ሲቀሩ ጥፋቱ ሁሉ ምግቡ ላይ ይወድቃል።

ነጭ ሽንኩርት ለሚናፍቃችሁ አንድ ዘዴ አለ። ፍሩክታን ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ዘይት ውስጥ ግን አይሟሟም። ፍሬውን ሳትከትፉ በዘይት አቁላሉትና አውጥታችሁ ጣሉት። ሽታው ዘይቱ ላይ ይቀራል፣ ፍሩክታኑ ከፍሬው ጋር ይሄዳል። ዘይቱን የዚያኑ ቀን ጨርሱት፤ በቤት የተሠራ የነጭ ሽንኩርት ዘይት ሲቆይ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል። ሾርባ ላይ ግን አይሠራም። አንድ ደንበኛዬ ሽንኩርቱን ከሾርባው ለቅሞ አውጥቶ «አልበላሁትም እኮ» ሲለኝ ነበር። ፍሩክታኑን ከነሾርባው ጠጥቶታል።

ሴትዮዋ በዚህ ዘይት የተሠራ ዓሣ በልታ በማግስቱ ደወለችልኝ። ድምጿ ሌላ ነበር። ዓሣው ወደ ሰማያዊ ተዛወረ፣ ቲማቲሙ ተከተለ፣ ዱባው ተከተለ። ግማሽ ብርጭቆ ወተት ቻለች፣ አንድ ብርጭቆ ሲሆን ትንሽ ነፋት፤ ስለዚህ «ግማሽ» ብላ ጻፈች። ዳቦ አንድ ቁራጭ ይስማማታል፣ ሦስት አይስማማትም። ምስር ሁለት ማንኪያ። ቀዩ ውስጥ እስካሁን የቀሩት ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርትና ባቄላ ናቸው፤ ከወራት በኋላ እንደገና እንሞክራቸዋለን፣ ልክ ከጊዜ ጋር ስለሚለወጥ። ፖምን ለመጨረሻ ያቆየነው ፍሩክቶስም ሶርቢቶልም ስላለው ነው፤ ቢያማት የትኛው እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ማሩን አልፋለች። በሚቀጥለው ሰኞ ሩብ ፖም ትበላለች።