የጡት ወተት ማለብ ምንድን ነው?

እናት ከልጇ ተለይታ በምትውልበት ሰዓት ጡቷን በእጇ ወይም በማለቢያ መሣሪያ ታልባለች፣ ወተቱንም በንጹሕ ዕቃ ታስቀምጣለች፤ እሷ በሌለችበት ልጇ ይጠጣዋል። ነገሩ ይኸው ነው። አስቸጋሪው የት ትለብ፣ መቼ ትለብ፣ ማን ይፍቀድላት የሚለው ነው።

ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ቀኖቹን መቁጠር ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት ሌላ ውኃ እንኳ እንዳይቀምስ ይመክራል፤ በየጤና ጣቢያችን የሚነገረውም ይኸው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ለወላድ የሚሰጣት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው፣ ከነደመወዙ። 90 ቀን ሦስት ወር ነው። ምክሩ ስድስት ወር ሲል ፈቃዱ ሦስት ወር ላይ ያልቃል። የዓመት ፈቃዷን ቀጥላ አራተኛውን ወር የምትገፋ አለች። ቤቷ ቅርብ ሆኖላት በምሳ ሰዓት ሮጣ አጥብታ የምትመለስም አለች። ይህ ላልሆነላት የሚቀራት ወይ ማለብ ነው፣ ወይ የዱቄት ወተት።

ብዙ ሰው ማለብ ወተት ለተትረፈረፈላት እናት ብቻ ይመስለዋል። ጡት ግን የሚሠራው በወጣለት ልክ ነው። ሕፃኑ ሲጠባ ወይም ጡቱ ሲታለብ ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ወተት እንዲሠራ ያደርጋል፤ ኦክሲቶሲን የሚባለው ደግሞ የተሠራውን ገፍቶ ያወርደዋል። ጡት ሞልቶ ለሰዓታት ከቆየ ራሱ ምርቱን ይቀንሳል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ሳታልብ የምትውል እናት መጀመሪያ ጡቷ ይጠጥራል፣ ያማታል፣ ሸሚዟ ይርሳል። እየዋለ እያደረ ሕመሙ ይተዋታል፤ ወተቱም አብሮ ይቀንሳል። “ሥራ ስገባ ወተቴ ደረቀ” የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። አጥሚት ስለቀረባት አይደለም። አጥሚቱ ደግ ነገር ነው፣ ትጠጣ፤ ያልታለበ ጡት ግን በአጥሚት አይሞላም።

ስለዚህ በሥራ ቀን ልጁ በሚጠባበት ልክ፣ በየ3 ሰዓቱ ገደማ ማለብ ያስፈልጋል። ይህ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማለት ነው። ለሻይ ከሚወጣው ሰው ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

መሣሪያ የግድ አይደለም። እጅ ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ አውራ ጣትን ከላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች አድርጎ ከጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ቆዳ ጠርዝ ላይ መያዝ፤ መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ ማድረግ። ጫፉን መጎተት ያቆስላል እንጂ ወተት አያወጣም። መጀመሪያ ጠብታ ነው የሚመጣው፤ ቆይቶ ይፈሳል። ከወለደች በኋላ አዋላጅ ነርሷን “አሳይኝ” ብትል በደቂቃዎች የምትማረው ነገር ነው።

ማለቢያ መሣሪያ በእጅ የሚጨመቅ አለ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ የሚሠራ አለ፣ ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባም መጥቷል። (ከቀደምት ሠሪዎቹ አንዱ ኤድዋርድ ላስከር የሚባል የቼዝ ጌታ ነበር፤ መሐንዲስም ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማለቢያ ሠራ።) ሲገዛ ከሞተሩ ጉልበት በፊት የሚታየው ጡት ላይ የሚለጠፈው ማስገቢያ ስፋት ነው። የማይመጥን ከሆነ ያማል፣ ወተቱም በደንብ አይወርድም። ወተት የነካው ክፍል ሁሉ ከእያንዳንዱ ማለብ በኋላ ይታጠባል።

ስንት ይበቃል? ከ1 እስከ 6 ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት በአማካይ 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል። እናቱ ለ9 ወይም ለ10 ሰዓት ብትለየው 300 ሚሊ ሊትር አካባቢ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከሁለቱም ጡት በአንድ ጊዜ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ማግኘት የተለመደ ነው። በየስልካችን የምናየው በወተት ከረጢት የተሞላ ፍሪጅ ማንንም እናት ሊያስጨንቃት አይገባም፤ የሚያስፈልጋት የነገው ብቻ ነው።

የታለበው ወተት 25 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ክፍል ውስጥ ለ4 ሰዓት ያህል ይቆያል። በአዲስ አበባ አየር ይህ ብዙም አይከብድም፤ ድሬዳዋና ሰመራ ላይ ግን ቶሎ ቀዝቃዛ ቦታ ማግኘት አለበት። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ በረዶ በሚሠራው ፍሪዘር ውስጥ እስከ 6 ወር ጥሩ ሆኖ ይቆያል። በቀዘቀዘ በረዶ የታጀበ ሙቀት የማያስገባ ቦርሳ አንድ ቀን ያቆየዋል፤ የቢሮውን ፍሪጅና የሰውን ዓይን ለማትፈልግ ይኼ ይሻላታል።

ቤት ያለው ሰው፣ አያትም ትሁን ሞግዚት፣ ቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ። ወተቱ ሲቀመጥ ቅባቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከታች ቀጭን ውኃ መስሎ ይቀራል። አልተበላሸም፤ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንት ወተት ተደፍቷል! እንደ ላም ወተት አይፈላም፣ ማይክሮዌቭ ውስጥም አይገባም፤ ዕቃውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ማቆም ይበቃል። በረዶ ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት፣ ተመልሶ በረዶ አይደረግም። ልጁ ጠጥቶ የተረፈው ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ጡጦ አጥቦ ማጽዳት በሚያስቸግርበት ቤት በንጹሕ ሲኒ ማጠጣት ይሻላል፤ ትንሽ ሕፃን ሳይቀር ከሲኒ ይጠጣል።

ማታ ስትመለስ ደግሞ “ፀሐይ የመታው ጡት ነው፣ የመጀመሪያውን ጨምቀሽ ድፊ” የሚሏት አሉ። ጡት ውስጥ ያለ ወተት በፀሐይም በድካምም አይበላሽም፤ ገብታ፣ እጇን ታጥባ ልጇን ታጥባው።

ወደ ቦታው ጉዳይ ስንመጣ፣ አዋጅ 1156 ስለ ማጥቢያም ስለ ማለቢያም ሰዓት የሚለው የለም። የ2010ሩ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር፤ ማቆያው ባለበት እናቲቱ ወርዳ ታጠባለች፣ ማለቡም ይቀልላታል። በሌለበት ዕጣዋ ብዙ ጊዜ መጸዳጃ ቤት ነው። እዚያ ምሳ ብላ የሚባል ሰው የለም፤ የሕፃን ምሳም እዚያ ሊዘጋጅ አይገባም። የሚቆለፍ በር፣ ወንበርና ሶኬት ያለው ክፍል በቂ ነው፤ የስብሰባ አዳራሽ ወይም ዕቃ ቤትም ይሆናል። ኦክሲቶሲን በሰቀቀን ውስጥ በደንብ አይሠራም፤ አንድ ሰው በሩን ባንኳኳ ቁጥር ወተቱ መውረዱን ሊያቆም ይችላል። የልጅን ፎቶ ስልክ ላይ ማየት ወይም ልብሱን ማሽተት የሚረዳውም ለዚህ ነው።

አሜሪካ ያሉ እህቶቻችን ችግራቸው የተገላቢጦሽ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ ያለው የወሊድ ፈቃድ አይሰጣትም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የጸደቀው ፓምፕ አክት የተባለው ሕግ አብዛኞቹ ሠራተኞች ከወለዱ እስከ አንድ ዓመት ድረስ የማለቢያ ሰዓትና ከመጸዳጃ ቤት ሌላ የሆነ፣ ከሰው ዓይን የተከለለ ቦታ እንዲያገኙ ያዛል። የማለቢያ መሣሪያውንም አብዛኛው የጤና ኢንሹራንስ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ደውሎ መጠየቅ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ ባደርጋቸው ደስ ይለኛል።

የጡቱ አንድ ወገን ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካስከተለ የጡት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ማጥባቱና ማለቡ በዚህ ምክንያት አይቋረጥም።

ልጁ 6 ወር ሲሞላው ገንፎ ይጀምራል፣ የቀኑ ወተት ፍላጎቱም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ያኔ ከሦስቱ የማለቢያ ሰዓቶች አንዱን ማስቀረት ይቻላል፤ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ሌላውን። በአንድ ቀን ሁሉንም ማቆም ጡቱን ያሳብጠዋል። የጠዋቱና የማታው ማጥባት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።