«ኢንሹራንስ የለውም፣ ተወው» እያላችሁ ለምትመክሩ

ጥብቅና ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚህች ንግግር ያሰለቸኝ የለም፦ «መኪናዬን ገጭቶብኝ ነበር፣ ግን ሰውዬው ኢንሹራንስ ስለሌለው ተውኩት።» ማን እንዲህ ብሎ መከረህ ስል ወይ የጋራዥ ወዳጅ ነው፣ ወይ አጎት ነው፣ ወይ አደጋው ቦታ ላይ የተሰበሰበ መንገደኛ። ኢንሹራንስ እኮ ዕዳ የሚከፍል ሌላ ኪስ ነው። ያ ኪስ ከሌለ ዕዳው ባለዕዳው ላይ ይቀራል እንጂ አይሰረዝም።

ከሁሉም የምታናድደኝ ግን ይህቺ ናት፦ «ሹፌሩ ምስኪን ነው፣ ከየት አምጥቶ ይከፍለኛል?»

ሹፌሩን ብቻ ጠይቁ ያላችሁ ማነው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ የሚያደርገው ባለቤቱን ነው። ባለቤቱ ቦታው ላይ ባይኖርም፣ ምንም ባያጠፋም። ሹፌሩ ሳይፈቀድለት ይዞት ወጥቶም ቢሆን። መኪናው በወቅቱ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው የሚያመልጠው። ይህ ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አለ።

አንድ ደንበኛዬ በቪትዝ ተሳፋሪ እያመላለሰ የሚኖር ልጅ ነው። ቃሊቲ መንገድ ላይ አይሱዙ ከኋላ ገባበት። የአይሱዙው የኢንሹራንስ ስቲከር ጊዜው ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ «የልጆች አባት ነኝ» እያለ ለመነ፤ የተሰበሰበውም ሰው «በእግዜር ተወው» አለ። ልጁ ንዴት ይዞት የሊብሬውን፣ ማለትም የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር ፎቶ አነሳ። ያ ንዴት ነው ያተረፈው። ባለቤቱ ሌሎች ሁለት የጭነት መኪኖች ያሉት ነጋዴ ሆኖ ተገኘ! ክሱን ስናቀርብ አብረን እግድ ጠየቅን፤ መኪናው እንዳይሸጥና ስሙ እንዳይዞር ፍርድ ቤቱ ለትራንስፖርት ቢሮ ጻፈ። ስልክ አላነሳ ያለ ሰው በሳምንቱ በራሱ እግር ቢሮዬ መጣ። ለካ ገዢ አግኝቶ ነበር። የጋራዡን ብቻ አይደለም፣ ቪትዟ ሥራ የፈታችባቸውን ቀናት ገቢም ከፈለ። አዎ፣ የታጣ ገቢም ይጠየቃል፤ ማስረጃ ግን ያዙ።

«ሸጬዋለሁ፣ ስም ግን አልዞረም» የሚል ባለሊብሬ ከገጠማችሁ፣ እሱንም ገዛሁ የሚለውንም ክሰሱ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ እዚያው ይከራከሩ።

«ትራፊክ ምን ያደርጋል፣ ጥፋቱ የሱ መሆኑ ያስታውቃል።» ለማን ነው የሚያስታውቀው? ቁጥር 2084ን ልንገራችሁ። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሕጉ የሚነሳው ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ አድርገዋል ከሚል ግምት ነው፤ የጠቅላላው ጉዳት ግማሽ ግማሹ በየባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ይህ የሚቀየረው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ታዲያ ትራፊኩ የአደጋውን ቦታ ንድፍ (ፕላን) ሳያነሳ መኪናችሁን ገፍታችሁ ዳር ካወጣችሁ በኋላ በምን ታስረዳላችሁ? ፎቶ አንሱ፣ የምስክር ስልክ ያዙ፣ ትራፊኩን ጠብቁ። ከኋላ ያለው ጡሩምባ ያሰማ፣ ይለፍለታል።

«እኔ ሦስተኛ ወገን ስላለኝ የኔ ኢንሹራንስ ይከፍለኛል።» አይከፍልም። እሱ እናንተ ለምትገጩት ሰው ነው።

«ሹፌሩ በትራፊክ ክስ ተቀጥቷል፣ ካሳዬ ይመጣል።» ቅጣቱ የሚገባው መንግሥት ካዝና ነው። ካሳችሁን ራሳችሁ ካልጠየቃችሁ ማንም አያመጣላችሁም።

«ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ሰው ቢገጭ ለተጎጂው የሚደርስለት የለም።» አለ። በተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ መሠረት የመድን ፈንድ አለ፤ ኢንሹራንስ በሌለው ወይም ገጭቶ በጠፋ መኪና ለሞተና አካሉ ለተጎዳ ሰው ይከፍላል። ለተጨራመተ ኮፈንና ፓራውልት ግን አይከፍልም፤ እዚያ ሄዳችሁ አትሰለፉ።

ሙሉ ኢንሹራንስ ያላችሁ ደግሞ ደረታችሁን አትንፉ። ኩባንያችሁ ለእናንተ ከከፈለ በኋላ በእናንተ ቦታ ገብቶ ገጪውን ይጠይቃል። እናንተ ግን ቀድማችሁ አምስት ሺህ ብር ተቀብላችሁ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ብላችሁ ፈርማችኋል። ያቺ ወረቀት የኩባንያውን መንገድ ስለምትዘጋ ካሳችሁን ይዛባችሁ ልትሄድ ትችላለች።

ሽምግልና አልጠላም። ግን ቀን ይቆጠራል። ለካሳ ክስ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት ገደብ፣ በመደበኛው ሁለት ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ ይለያል። ባለፈው አንድ አባት ስልካቸውን ይዘው መጡ። ገጪው የላከላቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ አስነበቡኝ። «ጋሼ ሰኞ አስገባልዎታለሁ።» «ጋሼ ከፋሲካ በኋላ።» «ጋሼ ዕቁብ ሲወጣልኝ።» አደጋው የደረሰበትን ቀን ጠየቅኳቸው። ሁለት ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆኖታል።