የጽሑፍ ስርቆትና የደራሲ መብት በኢትዮጵያ ሕግ

የጽሑፍ ስርቆት የሌላውን ሰው ድርሰት፣ ጥናት ወይም ትርጉም በሙሉም ሆነ በከፊል ወስዶ በራስ ስም ማውጣት ነው። በኢትዮጵያ የደራሲያንን መብት በዋናነት የሚያስጠብቀው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ድርጊቱን በዚህ ስም ጠርቶ አይከለክለውም። ሆኖም አዋጁ «የሥራ አመንጪ» የሚለው ሰው፣ ማለትም ደራሲው፣ በሥራው ላይ ያሉትን መብቶች ለይቶ ስለሚደነግግ፣ ጽሑፍ የሰረቀ ሰው ከእነዚህ መብቶች ቢያንስ አንዱን ጥሶ ይገኛል።

ጥበቃው በዚህ አዋጅ የተጀመረ አይደለም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ድንጋጌዎች ነበሯቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ሰው በጉልበቱና በፈጠራ ችሎታው የሚያፈራውን ግዙፍነት የሌለው ውጤት ጭምር ንብረት ብሎታል። የ1996ቱ አዋጅ የተበታተነውን በአንድ ሰብስቦ አጠናከረው፤ በ2007 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል።

አዋጁ ለደራሲው ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። የኢኮኖሚ መብቱ ሥራውን የማባዛት፣ የመተርጎም፣ የማሰራጨትና ለሌላ የመፍቀድ መብት ሲሆን፣ ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። የሞራል መብቱ ደግሞ የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ፣ ከፈለገም በብዕር ስም የመጠቀም፣ እንዲሁም ክብሩን በሚነካ መልኩ ሥራው እንዳይቆራረጥና እንዳይዛባ የመቃወም መብት ነው። የጽሑፍ ስርቆት ከሁሉ በላይ የሚያቆስለው ይህንን ነው፤ ብዙ ደራሲ ከቀረበት ገንዘብ ይልቅ የተፋቀው ስሙ ያንገበግበዋል፣ ሕጉም ይህን ቁስል ለይቶ ማወቁ ተገቢ ነው።

ጥበቃው ምዝገባን አይጠይቅም። ሥራው ወጥ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ፣ እስከሆነና በወረቀት ወይም በሌላ ነገር ላይ እስከሰፈረ ድረስ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ይጠበቃል። የሚጠበቀው ግን አገላለጹ እንጂ ሐሳቡ አይደለም። ስለ ዓድዋ ጦርነት ሁለት ሰዎች መጽሐፍ ቢጽፉ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የጦር መሪዎቹን ስም የግሉ ማድረግ የሚችል የለም፤ አንደኛው የሌላውን ዓረፍተ ነገር ከነአወራረዱ ሲገለብጥ ግን ወሰኑን ተሻገረ። መጥቀስም የተፈቀደ ነው፤ ጥቅሱ ከተፈለገበት ዓላማ እንዳይበልጥ፣ ምንጩና የደራሲው ስምም እንዲገለጽ ሕጉ ያዛል።

መብቱ የተጣሰበት ሰው ፍርድ ቤቱ ስርጭቱን በጊዜያዊ እገዳ እንዲያስቆምለት፣ ኪሣራውንና ጣሹ ያገኘውን ትርፍ እንዲያስከፍልለት መጠየቅ ይችላል። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ እንደ ጉዳቱ ስፋት የሚወሰን ሆኖ፣ የ1996ቱ አዋጅ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። በወንጀል በኩል ይኸው አዋጅ ሲወጣ ሆን ብሎ ለጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት ለጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት አስቀምጦ ነበር፤ የተባዙት ቅጂዎችና ማባዣ መሣሪያዎቹም ይወረሳሉ። የዩኒቨርሲቲ ቅጣት ከዚህ የተለየ መንገድ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ከሌላ የገለበጠ ተማሪ ባለመብቱ ክስ ባይመሠርት እንኳ ውጤቱን፣ አንዳንዴም ዲግሪውን ሊያጣ ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር ማስረጃ ነው። በሥራው ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ አመንጪው እንደሆነ ሕጉ ይገምታል። ይህ ግምት ለእውነተኛው ደራሲ ጋሻ ነው፤ ሌባው ቀድሞ በስሙ ካሳተመ ግን የማስረዳቱ ሸክም በተሰረቀው ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ባለ ሙግት ታላቅ ዋጋ የሚኖራቸው ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው ናቸው፦ ስርዝ ድልዝ የበዛበት የመጀመሪያ ረቂቅ፣ ለአርታኢ የተላከ ኢሜይል ከነቀኑ፣ የማተሚያ ቤት ደረሰኝ። ከሁሉም የሚገርመው የደራሲው የራሱ ስህተት ነው። የተሳሳተ ዓመተ ምሕረት ወይም የተዛነፈ ፊደል በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ በዚያው ቦታ ሲገኝ፣ «በአጋጣሚ ተመሳሰለ» የሚለው መከራከሪያ አቅም ያጣል።

ስለዚህም ሥራን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግዴታ ባይሆንም ለማስረጃነት ይጠቅማል። የመብት ማስተላለፍ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቃል ተስማምቶ ረቂቁን ለአሳታሚ ያስረከበ ደራሲ ለስንት ቅጂና ለስንት ዓመት እንደፈቀደ ማሳየት ይቸግረዋል። በቅጥር ሥራ የተጻፈ ጽሑፍ የኢኮኖሚ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ስለሚሆን ጋዜጠኞችና ተመራማሪዎች የቅጥር ውላቸው ስለዚህ የሚለውን ከመፈረማቸው በፊት ሊያነቡት ይገባል።