ሕልም አይጠመቅም

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን ወገኖቼ።

እኔ ያለሁት ደቡብ አፍሪካ፣ ምሥራቅ ኬፕ ነው፤ የኾሳዎች አገር። ከሱቃችን ደንበኞች አንዷ ወጣት፣ አንድ ቀን ፊቷን ነጭ አፈር ተቀብታ፣ አንገቷና እጇ ላይ ነጭ ዶቃ አስራ መጣች። ምን ሆነሽ ነው አልኳት። «አያቶቼ ጠሩኝ፣ እየተማርኩ ነው» አለችኝ። ሳንጎማ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ከሞቱ አያቶች ጋር የሚነጋገር የባህል ፈዋሽ ማለት ነው፣ ኾሳዎቹ ኢግቂራ ይሉታል። መጀመሪያ ሕመም ይመጣል፣ ሕመሙ ጥሪ ነው ይባላል፣ ከዚያ በኋላ መንገዱን የሚመራው ሕልም ነው።

ሕልሙን ታዲያ ዝም ብለው አይጠብቁትም። ነጭ አበባው ማታ ማታ የሚፈካ ተክል አለ፣ ኡንድሌላ ዚምሎፔ ይሉታል፤ «ነጭ መንገዶች» ማለት ነው። ሥሩን ወቅጠው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጨምሩና በባላ እንጨት ሲበጠብጡት፣ ሲበጠብጡት፣ ነጭ አረፋ እስከ ዕቃው አፍ ይሞላል። እንዶድ ሲታሽ አይታችኋል አይደል? እንደዚያ ነው፤ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን ሁለቱም ውስጥ አለ። ጠዋት በባዶ ሆድ አረፋውን ይበሉታል። ማታ ሕልሙ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ አያቶችም በዚያ ይናገራሉ ይላሉ።

እዚህ ላይ «ጥንቆላ ነው» ብሎ መዝጋት ይቻላል። ሙት መጠየቅን ዘዳግም 18 ከልክሏል፣ በእሱ ክርክር የለኝም። ልጅቷን መናቅ ግን አቃተኝ። ለምን መሰላችሁ፣ እኔ ራሴ የትዳር ጉዳይ ገጥሞኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ራት ሳልበላ፣ ዳዊቴን ትራስ ሥር አድርጌ፣ «ካላሳየኸኝ አልወስንም» እያልኩ ተኝቻለሁ። በስድስተኛው ሌሊት ወንዝ ስሻገር አየሁ። ለሁለት ሰው ደወልኩ፤ አንዷ አግቢው አለችኝ፣ አንዷ ተዪው። ሕልም እንደ ፈቺው አይደል! ዳዊቱን ግን አንድም ቀን አልገለጥኩትም እኮ። ትራስ ሥር ያለ ዳዊት ከዚያ ከተወቀጠው ሥር በምን ይለያል?

ዳንኤልን እዩት። ንጉሡ ሕልሜን ከነፍቺው ካልነገራችሁኝ ብሎ ሞት ሲያውጅ፣ ቤቱ ሄዶ ለሦስቱ ጓደኞቹ ነገራቸው፤ ምሕረት እንዲለምኑ። ሌሊት ምሥጢሩ ተገለጠለት። ወደ ንጉሡ ከመሮጡ በፊት ቁጭ ብሎ አምላኩን አመሰገነ። ዮሴፍማ ጭራሽ ሕልም አልለመነም፤ የመጣለት ሕልም ደግሞ ጉድጓድ ነው ያስገባው።

አሁን ዳዊቴ ሱቅ ውስጥ፣ ገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ነው። ባለፈው ልጅቷ ዳቦ ልትገዛ መጥታ ምን እንደማነብ ጠየቀችኝ። መዝሙር 4 ላይ ነበርኩ፤ «በሰላም እተኛለሁ» የሚለውን በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት።

«ስለ ሕልም ነው?»

«አይ፣ ስለ እንቅልፍ ነው» አልኳት።

ሳቀችና ዳቦዋን ይዛ ወጣች።